ቁጥር አራት

ዶስኬብራዳስ፣ ማርች 6 ቀን 2022

ሊጊያ፣

ደብዳቤሽን ሐሙስ ዕለት እህት ቤኒግና ራሷ ይዛልኝ መጣች። አንብቤ እስክጨርስ በሩ ላይ ቆማ ልትጠብቀኝ ነበር፤ ምድጃ ውስጥ ኬክ አለኝ ብዬ ሸኘኋት። ኬክ አልነበረኝም። መነኩሴ ፊት ደብዳቤ ማንበብ አልወድም።

ጥርስሽ በመነቀሉ፣ ብርድ ልብስም በማግኘትሽ ደስ ብሎኛል። ጠባቂዎቹ የክፍላችሁን ስልክ መውሰዳቸው እኔን ብዙ አልከፋኝም። በስልክ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ የምለው ይጠፋኛል። ወረቀት ይሻለናል። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል እንጂ አይጮህም።

ለጠየቅሽኝ መልስ ልስጥሽ። አዎ፣ ሹራቡ ደርሶታል፤ ትንሽ ሰፍቶታል። አዎ፣ ጸጉሩን ተቆርጧል። አዎ፣ ልጅሽ አሁንም ከኔ ጋር ነው፤ የት ይሄዳል? ዱቫን ያልጻፈልሽ የደንጌ ትኩሳት ይዞት ነው። ዘንድሮ ትንኙ ሰፈሩን ፈጅቶታል። ከስቷል፤ ብዙ ይተኛል። ሞተር ብስክሌቱን ሸጥነው። ኬኮቹን አሁን የጎረቤታችን የሮስሚራ ባል በመኪናው ያደርስልኛል።

እኔ ሥራ ላይ ነኝ። የሜይ የልጆች ቁርባን እየደረሰ ነው፤ ካሁኑ ሃያ ሦስት ኬክ ታዝዞኛል። ሮስሚራ ትልቁን የኬክ ቅርጽ ከኔ ተውሳ ስታበቃ የራሴ ነው ብላ ልትከራከረኝ ነበር። ገልብጬ ፕላስተሩን አሳየኋት። ታውቂኛለሽ፣ ስሜን ያልለጠፍኩበት ዕቃ የለኝም። አሥራ አንዱም የቀለም ጠርሙሶች ስሜና ቁጥራቸው አለባቸው። ቀለም ካነሳሁ አይቀር፣ ዱቫን ሳይታመም በፊት ከቀለሜ እየቀዳ ይወስድ ነበር። ለጓደኞቼ ነው ይለኛል። ለምን እንደሚሆናቸው አላውቅም። አንቺ ታውቂ እንደሆን ብዬ ነው።

በርቺ።

ኤድልሚራ


ኢኪኬ፣ ማርች 29 ቀን 2022

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ለፕሪሚቲቫ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ፕሪሚቲቫ ከኔ በታች ባለው አልጋ የምትተኛው የቦሊቪያ ሴትዮ ናት። ሰምታ ስትጨርስ «እህትሽ ቴሌግራም ቤት ነው የምትሠራው?» አለችኝ።

«ኬክ ጋጋሪ ናት» አልኳት።

«ታዲያ ስኳሩን ምን አደረገችው?»

አትቆጪ። እዚህ ካልሳቅን አይመሽልንም።

ግን እትዬ፣ ደንጌ እኔንም ይዞኝ ያውቃል፤ ያስታመምሽኝ አንቺ ነሽ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፋብሪካ ገብቼ የሸሚዝ ኮሌታ ስሰፋ ነበር። ልጄ የታመመው መቼ ነው? ስንት ቀን ተኛ? የት ሐኪም ቤት? ሞተሩንስ ምን ሆናችሁ ሸጣችሁት? ያንን ሞተር በሱ ፊት የነካ ሰው እናቱም ብትሆን አይምራትም።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ችሎቴ ጁን 14 ነው። ዳኛዋ ከፈቀደች የቀረኝን ሦስት ዓመት ተኩል ትተው ከአገሩ ያባርሩኛል። መባረር እንዲህ የሚያምር ቃል መሆኑን አላውቅም ነበር። ዳኛዋ ግን ወደ ማን እንደምሄድ ማየት ትፈልጋለች። ጠበቃው «የልጅሽ ደብዳቤ ከሁሉ ይበልጣል፣ በገዛ እጁ ይጻፈው» ብሎኛል። አንድ ገጽ ይበቃል። ግማሽም ይበቃል። «ደህና ነኝ፣ እሠራለሁ፣ እናቴን እጠብቃለሁ»፤ ይኼን መጻፍ የማይችል ትኩሳት ምን ዓይነት ነው?

ሌላም አለ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ አመጡ። ሦስት ቀን ሙሉ «ተቃጠልኩ» እያለች ልብሷን ታወልቃለች፣ ግድግዳውን ትማታለች። ጠባቂዋን ምን ሆና ነው አልናት። «ሮዙን ዕፅ ወስዳ ነው፣ ቱሲ የሚሉትን» አለችን። ከዚያ ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንቺ በሻንጣ ስታመጪው ስኳር ነው ብለሽ ነበር አይደል?» አለችኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ልጅቷን አራተኛው ቀን ላይ ወሰዷት። ወዴት እንደወሰዷት የሚነግረን የለም።

እና እትዬ፣ ቁጥር አራትን ቆልፊበት። ለምን አትበይኝ፤ ይህ ወረቀት አንቺ ዘንድ ሳይደርስ ሌላ ዓይን ያየዋል። ቆልፊና ቁልፉን ደረትሽ ውስጥ ክተቺው።

ልጄን ሳሚልኝ። ብቆጣም እኔ ነኝ፣ ብለምንም እኔ ነኝ።

ሊጊያ


ዶስኬብራዳስ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2022

ሊጊያ፣

ፋሲካው አለፈ። ዘንድሮ ሰልፉ ላይ አልወጣሁም፤ እግሬን አሞኝ ነው በይ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዱን መስመር ከዚያም በላይ። ቁጥር አራትን ቆልፌበታለሁ። ቁልፉም ያልሽው ቦታ ነው።

ሐኪም ቤቱ ፔሬይራ ከድልድዩ ማዶ ያለው ነው። ስንት ቀን እንደተኛ አልቆጠርኩም። ሞተሩን የሸጥነው ለጊዜው ስለማይነዳው ነው። ያቺ ሴትዮ ስኳሩን ከጠየቀችሽ ኬኩ ውስጥ ነው በያት።

የዱቫን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለልሽ። ለጠበቃው ስጪው። እስከ ችሎቱ ድረስ ከማንም ጋር አትጣዪ። ባለፈው ዓመት በጸጉር ማድረቂያ ተጣልተሽ የደረሰብሽን ቅጣት አትርሺ። ተሰድበሽም ቢሆን ዝም በይ። ዝም ማለት ይቻላል፤ እኔ ካንቺ የበለጠ ዝም ብዬ ኖሬአለሁ።

ኤድልሚራ


ዶስኬብራዳስ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 2022

ውድ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤንነትሽን እመኛለሁ። ሳልጽፍልሽ በመቆየቴ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ ትኩሳቱ አድክሞኝ ነበር። አሁን በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። የአክስቴን ኬኮች በማድረስ እሠራለሁ፤ በሚመጣው ዓመትም የኤሌክትሪክ ትምህርቴን ለመጨረስ አስቤአለሁ። ቤታችን ሰፊ ነው፤ ያንቺም አልጋ እንደ ተነጠፈ ነው። ዳኛዋ እንዲፈቅዱልሽና ወደ እኛ እንድትመጪ በየቀኑ እጸልያለሁ።

አክባሪ ልጅሽ፣
ዱቫን


ኢኪኬ፣ ሜይ 17 ቀን 2022

ኤድልሚራ፣

ሰላምታ የለኝም፣ አትጠብቂ።

ያቺ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ጭራ፣ እንደ ክሬም የተጠቀለለችው፣ የጎረቤታችን የአውሮራ ልጅ የቁርባን ኬክ ላይ አይቻታለሁ። የኔም የአሥራ አምስተኛ ዓመት ልደት ኬክ ላይ ነበረች። በሰፈራችን የስንቱን ልጅ ስም በስኳር ጽፈሽ ነው ያሳደግሽው፤ እኔን በዚያ እጅ ልታታልዪኝ አሰብሽ? እያንዳንዱ መስመር መሃል ለመሃል ነው፣ እንደ ኬክ ጽሑፍ። ዱቫን ከመስመር መውጣት ከጀመረ ገጹም አይበቃው።

ደግሞ «ውድ እናቴ»! ልጄ በሕይወቱ ውድ እናቴ ብሎኝ አያውቅም። «አሮጊት» ነው የሚለኝ። «አሮጊት፣ ካልሲዬ የት አለ?» «አሮጊት፣ ዛሬ ምን ሠራሽ?» ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር አሮጊት ማለት ሲጀምረኝ። በጥፊ ልለው ስል እየሳቀ ይሸሻል።

ፕሪሚቲቫ ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ አየችው፤ ማንበብ ግን አትችልም። ፊቴን አይታ አጥፋ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ሾርባዋን ለኔ ትሰጠኛለች። ሾርባ የሚሰጡት ለሐዘንተኛ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። አለ ወይ? አለ ወይስ የለም። ካለ ደግሞ የራሱን እጅ ላኪልኝ። ሙሉ ቃል አልልሽም፤ መስመር ይሁን፣ መስቀል ይሁን፣ የቀለም ነጠብጣብ ይሁን፣ እሱ ያደረገው ይሁን። የሱን እጅ እኔ አውቀዋለሁ።

ሊጊያ


ዶስኬብራዳስ፣ ጁን 2 ቀን 2022

ሊጊያ፣

አለ።

ይህንን ቃል እዚያ ያሉት መነኮሳት እህቶች ከችሎቱ በፊት በቃል ይነግሩሻል። የቀረውን ከችሎቱ በኋላ ነው የሚሰጡሽ። እንዲህ እንዲያደርጉ ቤኒግናን አስምዬአታለሁ። መነኩሴ አይምልም ብላኝ ነበር፤ ማለች። ቀድመሽ ብትሰሚው ወይ ጠባቂ ላይ ወይ ራስሽ ላይ ትነሺ ነበር። ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅሽም።

ደንጌ አልነበረም። ነገሩ የሆነው ጃንዋሪ 23 ነው፣ እሑድ። ከጓደኛው ከዌይማርና ከሌሎች ልጆች ጋር ላ ቪርጂኒያ አጠገብ የእርሻ ቤት ተከራይተው ቅዳሜ ለልደት ሄደው ነበር። እኔ አልነበርኩም። የምጽፍልሽ ዌይማር ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ የነገረኝን ነው።

«ሁላችንም ሮዙን ከአንድ ሳህን ነው የወሰድነው፣ ዶኛ» አለኝ በአክብሮት።

«ታዲያ አንተ ቆመህ ታወራኛለህ?»

«እኔ እንጃ ዶኛ። እኔ ጥርሴ ብቻ ነው የተንቀጫቀጨው። እሱ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። ቀትር ላይ የሚያሳድዱኝ ሰዎች አሉ አለ። በፀሐይ የሸንኮራውን ማሳ እየዞረ ሮጠ፣ ሸሚዙን ጣለ። ሦስት ሆነን ነው የያዝነው። ገላው አይነካም፣ ይፋጃል።»

«ከዚያስ?»

«ወተት ሰጠነው። ሁለት ከረጢት። ወተት ያረክሰዋል ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሁሉም ይላል፣ ዶኛ።»

«ከዚያስ?»

«መንቀጥቀጥ ጀመረ። በርዶት ነው ብለን ሩአና ደረብንለት።»

የሱፍ ሩአና፣ ሊጊያ፤ ያ ወፍራሙ ካባ። በላ ቪርጂኒያ ሙቀት፣ በቀትር። እንደዚያ ጠቅልለው ለአራት ሰዓት ያህል አስቀመጡት፤ አምቡላንስ ቢጠሩ ፖሊስ አብሮ እንዳይመጣ ፈርተው። ዌይማርን ልመታው እጄን አነሳሁ። ለራሱ በፍርሃት ሽንቱን የለቀቀ ልጅ ነው። አወረድኩት።

ሐኪም ቤት ሲደርስ ትኩሳቱ አርባ ሁለት ነበር። ልቡ አንዴ ቆሞ መልሰውለታል፤ ለስንት ደቂቃ እንደቆመ በትክክል የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ የቾኮ አገር ልጅ፣ ዶክተር ኢባርግወን ትባላለች። ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና በሥራዬ አስረዳችኝ።

«ምድጃ ያውቃሉ አይደል እማማ? የሙቀት መቆጣጠሪያው የተነቀለ ምድጃ ነው። እሳቱ አለ፣ የሚያጠፋው የለም። ሥጋው ከውስጥ እየተፈታ ወደ ደሙ ገብቷል። ኩላሊቱ ያንን ሁሉ ማጥራት አቅቶት ተደፍኗል።»

እኔ ያየሁት ሽንቱን ነው። ጥቁር ቡና ነበር የሚመስለው።

«የወሰደው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ስም የለውም። ፊደልና ቁጥር ነው ያለው። አንዱ ሲከለከል ትንሽ ለውጠው ሌላ ይሠራሉ፤ እኛ አንዱን ስናውቀው እነሱ ሦስተኛው ላይ ናቸው። ልጆቹ ሮዙን አይተው ያው ነው ብለው ይወስዱታል። ሮዙ ቀለም ብቻ ነው እማማ። ከቀለሙ ሥር ያለው በዚያ ሳምንት ሻጩ እጅ የገባው ነው።»

በሠላሳ አንደኛው ቀን ወደ ቤት አመጣሁት። ማርች 6 ስጽፍልሽ ከመጣ ሁለት ሳምንት አልሞላውም፤ ጎኔ ተኝቶ ነበር። ሹራብሽ የሰፋው ሥጋ ስለሌለው ነው። ጸጉሩን የላጩት ሐኪም ቤት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱ ይታጠባል። ይሄዳል፣ ይበላል፣ ሰው ያያል። ጥቂት ቃል ይናገራል፤ ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኘው ግን ምን ፈልጎ እንደነበር ይረሳዋል። ብዕር ገና አይዝም። ስለዚህ ነው የኔን እጅ ያየሽው።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ።

ነርሷ ቦርሳውን ስትሰጠኝ ልብሱ እንደ እንጆሪ ኬክ ሸተተኝ። የልደት ኬክ በልቷል አልኩ። ከሥር ጠርሙሱን አገኘሁት። ፕላስተሩ የኔ፣ ጽሑፉ የኔ፦ ኤድልሚራ 4። ዌይማርን አፋጠጥኩት። ነጩን ዱቄት ከሌላ ሰው እያመጣ፣ ቀለሙንና ሽታውን የሚያስገባው ዱቫን ራሱ ነበር። «የሱ እጅ ንጹሕ ነው ይሉታል፣ ዶኛ» አለኝ። ንጹሕ! ጠርሙሱን ኮት ኪሴ ከትቼ ወጣሁ፤ ለፖሊስም ለሐኪሟም አላሳየሁም።

ማን እንዳስተማረው ግን አላወቅሁም ነበር። ስለዚህ በማርች ከቀለሜ ይወስዳል ብዬ ጻፍኩልሽ። አንቺም ቁጥር አራትን ቆልፊበት አልሽኝ።

አሥራ አንድ ቀለም አለኝ፣ ሊጊያ። የትኛው እንደሆነ አልጻፍኩልሽም።

ኤድልሚራ


ኢኪኬ፣ ጁን 30 ቀን 2022

እትዬ፣

ፈቀዱልኝ። ኦገስት 9 ነው የሚያሳፍሩኝ። ይህንን አስቀድሜ የጻፍኩት የቀረውን አንብበሽ ስትጨርሺ ደስ ስለማይልሽ ነው።

ደብዳቤሽን ከችሎቱ ማግስት ሰጡኝ። አልጮህኩም። ሁሉም እንድጮህ ሲጠብቁ ነበር። ፕሪሚቲቫ በሩን በጀርባዋ ዘግታ ቆማ ነበር፣ ጠባቂዎች እንዳይገቡ። እኔ ግን አጥፌ ጫማዬ ውስጥ ከተትኩትና ልብስ ላጥብ ወጣሁ። የማላውቀው ነገር አልነበረበትም። የማላውቀው ሩአናውን ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ጠባቂዋ ታንብብ። ቅጣቱን ተቀጥቼበታለሁ።

ዲሴምበር ነበር፣ ልሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ። አንቺ አውሮራ ቤት ለገና ዘጠኝ ቀን ጸሎት ትሄጂ ነበር። የላኩኝ ሰዎች ዱቄቱን ነጭ አድርገው ሰጡኝ፤ ሮዝ ሆኖ ካልሄደ እዚህ ደቡብ ያሉት ገዢዎች አይቀበሉትም አሉኝ። እኔ ደግሞ የኬክ ጋጋሪ እህት ነኝ። ቁም ሳጥንሽን ከፈትኩ። ሌሎቹ ቀለም ብቻ ናቸው፤ ቁጥር አራት ይሸታል። ዱቫን ከትምህርት ቤት ሲመጣ ደረሰብኝ። ላስወጣው እችል ነበር። ወንፊቱን ያዝልኝ አልኩት።

«አሮጊት፣ ይኼ ሰው አይገድልም?» አለኝ።

«ቀለም ነው አንተ! አክስትህ ሕፃናት የምታበላው ቀለም ነው» አልኩት።

ዱቄቱን ነበር የጠየቀኝ። እኔ ስለ ቀለሙ መለስኩለት። እሱም ስቆ ወንፊቱን ያዘ። ይኸው ነው ትምህርቱ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

አሥራ ሰባት ዓመት ኮሌታ ሰፍቻለሁ። ዓይኔ እየደከመ ነበር። እሱን ትምህርት ላስጨርሰው ብዬ ነው ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ ከዚያ ሰረዝኩት። ለራሴም ነው። ባሕር ማየት እፈልግ ነበር። አሁን በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ይታየኛል፤ ሽታውም ይመጣል።

ስለ ችሎቱ አንድ ነገር አለ። ያንን ደብዳቤ፣ ያንቺን እጅ፣ ለጠበቃው ሰጠሁት። ያንቺ መሆኑን እያወቅሁ ነው የሰጠሁት። ዳኛዋ ጮክ ብላ አነበበችው። «ቤታችን ሰፊ ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች። «ጨዋ ልጅ አሳድገሻል» አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኳት። አለ የሚለውን ቃል መነኩሴዋ የነገረችኝ በዚያው ጠዋት ነበር፤ አለ ማለት እንዴት እንዳለ አይደለም፤ ያን አውቄ ነው አመሰግናለሁ ያልኩት። አንቺ የጻፍሽው ውሸት አወጣኝ። ከዚህ በኋላ በምን አፌ እቆጣሻለሁ?

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ቁጥር አራት ትንሽ ጠርሙስ ነበር፤ አንድ ጠርሙስ ዓመት ይበቃሻል። እሱ ዓመት ሙሉ ሲቀዳ ማን ይሞላው ነበር?

ኩላሊቴን እሰጠዋለሁ። ለሐኪሟ ንገሪልኝ። ሁለት አለኝ፣ ሁለቱም ይሠራሉ፤ እዚህ መርምረውኛል። ከአውሮፕላን እንደወረድኩ ይውሰዱት።

እንደምመጣ አትንገሪው። እኔ ራሴ በሩ ላይ ቆሜ «አሮጊቷ መጣች» ልበለው።

ሊጊያ


ዶስኬብራዳስ፣ ጁላይ 20 ቀን 2022

ሊጊያ፣

ይህ ደብዳቤ ከመሳፈርሽ በፊት ከደረሰሽ መልካም። ካልደረሰሽ እዚሁ ታነቢዋለሽ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። እኔ ነበርኩ የምሞላው። መጀመሪያ በትንሹ ጠርሙስ፣ ኋላ በሊትር ነው የገዛሁት። ዱቫን መደባለቂያዬን ጠግኖልኛል፣ ጣሪያውን ደፍኖልኛል፤ አንድም ቀን «አክስቴ፣ ደከመኝ» ብሎኝ አያውቅም። ቀለም ሲለምነኝ ምን ልበለው? ሸሚዙ እንጆሪ ሲሸት ሴት ልጅ ይዟል አልኩ። ሴት ልጅ እንጆሪ እንደማትሸት አውቃለሁ። አውቄአለሁ አልልሽም፤ አላወቅሁም ማለቱም አይሆንልኝም። አንድ ጊዜ ብቻ «ይኼ ሁሉ ሮዝ የት ይገባል?» አልኩት። «ሰው ሆድ ውስጥ፣ አክስቴ፣ እንዳንቺ ኬክ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ስለ ኩላሊትሽ ለዶክተር ኢባርግወን ነገርኳት። «ትምጣ፣ ደሟን እናያለን» አለች። ተስፋ አልሰጠችኝም፤ አልከለከለችኝም። እኔም የራሴን ልሰጠው በማርች ሞክሬ ነበር። አልሆንኩም። ያኔ ልጽፍልሽ የምችለው ነገር አልነበረም።

አሁን ስትመጪ ማድረግ ያለብሽን ስሚ። ኩላሊቱ የሚታጠበው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ማለዳ ነው። አንቺ የምትደርሺው ረቡዕ ስለሆነ ቤት ታገኚዋለሽ። ውሃ በመለኪያ ነው የሚጠጣው፤ ቢለምንሽ አትስጪው፤ ይለምንሻል። ሙዝ አይበላም፣ ብርቱካን አይበላም፣ ጨው አይቀምስም። ከአውሮፕላን ማረፊያው ቸኮሌት ገዝተሽ እንዳትመጪ። በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ከአልጋው ሥር ይገባል፤ ስትጎትቺው ይማታል። በስሙ ጥሪውና ወለሉ ላይ ቁጭ በይ። እኔ የማደርገው እንደዚያ ነው።

ጎረቤቶቹ ደንጌ ነው የሚያውቁት። አንቺም ደንጌ ትያለሽ። ዌይማር አንዳንድ ጊዜ እየመጣ ይላጨዋል። እንዳትናገሪው። ሌላ የሚመጣ የለም።

ሮስሚራና ሌሎቹ ለመምጣትሽ ኬክ እንጋግር ብለዋል። እሺ ብያቸዋለሁ፤ ነጭ ይሆናል። ሮዝ መሥራት ትቻለሁ። ለሴት ልጆቻቸው የአሥራ አምስተኛ ዓመት ልደት ሮዝ ኬክ የሚያዙ እናቶች ወደ ሌላ ጋጋሪ ሄደዋል። ለምን እንደተውኩ ሲጠይቁኝ አለርጂ ነው እላለሁ።

ተመስገን፣ እንግዲህ ብዕር መያዝ ጀምሯል። የንግግር አስተማሪዋ በየቀኑ አለማምዱት ብላናለች። የራሱን እጅ ላኪልኝ ብለሽኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና «የእናትህን ስም ጻፍ» አልኩት። «የአሮጊቷን?» አለኝ። እንዲህ ብሎ ከጃንዋሪ ወዲህ አልተናገረም። ደስ ብሎኝ ወደ ምድጃዬ ዞርኩ፤ እያየሁት እንዳይረበሽ። እስከ ምሳ ድረስ ጻፈ። ላቡ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጥቧል፤ ያ የወየበው ነጠብጣብ ላቡ ነው። ምላሱን እንደ ሕፃን ነክሶ ነበር። ሲጨርስ በሁለት እጁ ይዞ ሰጠኝ።

አላረምኩትም። ከመስመር ወጥቷል፤ የሱ እጅ መሆኑን ታውቂዋለሽ። አብሬ ልኬልሻለሁ።

«ኤድልሚራ 4» ነው የሚለው።

እህትሽ